ልብ ያልተገኘበት ጸሎት ጸሎት ነውን?



በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ የምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንጠያየቀው አንድ ጉዳይ አለ። ሲዱር ይዘን ቆመን አፋችን እያነበበ፣ ሐሳባችን ግን ወደ ሥራ፣ ወደ ዕዳ ወይም ወደ ስልካችን ቢሄድ ጸልየናል ማለት ይቻላልን? ከሌሊት ፈረቃ ደክመው እየመጡ «ልቤ ካልተሰበሰበ ምን ይጠቅማል?» ብለው ከጸሎት የሚቀሩም አሉ።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ታልሙድ እንደሚነግረን አሥራ ስምንቱ ቡራኬዎች በራባን ጋምሊኤል ፊት በቅደም ተከተል የተሰደሩት በዚችው በያቭኔ ነው። ቃሉ ሲወሰን ግን በልማድ ብቻ የመድገም አደጋ አብሮ መጣ። ስለዚህም በዚያው ትውልድ የነበሩት ራቢ ኤሊዔዘር፣ እንደ ቋሚ ሥራ ብቻ የሚደረግ ጸሎት ልመና እንደማይባል አስተማሩ።

ራምባም በ12ኛው መቶ ዘመን ያለ ካቫና፣ ማለትም ልብን ሳይሰበስቡ የሚጸለይ ጸሎት ጸሎት አይደለም አሉ። ከመንገድ የደከመ ሰውም ልቡ እስኪረጋ ይቆይ ብለው ወሰኑ። በ1565 የታተመው ሹልሐን ዓሩኽ ግን፣ ዛሬ የእኛ ካቫና እንደ ቀድሞ ሰዎች ስላልሆነ እንዲህ ያለውን መቆየት አንጠብቅም ይላል። ልባችን ፍጹም እስኪሆን ብንጠብቅ ኖሮ ከናካቴው ሳንጸልይ በቀረን ነበር።

ታዲያ ልብ አያስፈልግም ማለት ነውን? አይደለም። ልብ የሚሰበሰበው ግን ከጸሎቱ በፊት ነው። ሚሽና እንደሚለው የጥንት ሐሲዲም ከመጸለያቸው በፊት አንድ ሰዓት ይቆዩ ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችንም በኢትዮጵያ ለስግድ ገላቸውንና ልብሳቸውን አጥበው፣ ጾመው፣ ተራራውን በእግራቸው ይወጡ ነበር። የቄሶቹን ግእዝ ሁሉም ባይረዳው እንኳ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ የቤቱ ሐሳብ ከኋላ ቀርቷል።

ዛሬ ወደ ጸሎት ተራራ አንወጣም። ስለዚህ ትንሽ ዝግጅት እናድርግ፦

ሀ. ቦታችን ሁልጊዜ አንድ ይሁን። የታልሙድ ሊቃውንት ይህን ያመሰግናሉ።
ለ. አምስት ደቂቃ ቀድመን ደርሰን ዝም ብለን እንቀመጥ፤ ስልኩንም እናጥፋ።
ሐ. ሽማዕ እስራኤል ስንል ዓይናችንን በእጃችን እንሸፍን።
መ. ሁሉንም ባንችል የመጀመሪያውን ቡራኬ ትርጉሙን አውቀን በልባችን እንበል።
ሠ. ሐሳባችን ሲሸሽ ራሳችንን ሳንወቅስ ወደደረስንበት ቃል እንመለስ።

ይህ ልማድ ለቤታችንም ይጠቅማል። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ሲያወራን፣ ወይም ሽማግሌ ሲመክረን ዓይናችን ስልክ ላይ ከሆነ፣ ጆሯችንን ሰጥተን ልባችንን ነፍገናል። በፊታችን ለተቀመጠ ሰው ልብ መስጠት ያልለመድን፣ ለማናየው አምላክ እንዴት እንሰጣለን? እንግዲያው የደከመም ሰው ይምጣ፤ ያለውን ያህል ልብ ይዞ ይምጣ።

ሻባት ሻሎም!