«ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ»፤ ከሠርጉ በኋላስ?

«ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ጊዜ ሳለው ተዘናግቶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ለሚራወጥ ሰው ነው። በርበሬ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ቅመም ገብቶበት፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶና ተፈጭቶ ለወጥ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። ሠርገኛው በር ላይ ቆሞ ቅንጠሳ የጀመረ ቤት ምን ሊያቀርብ ነው?

የአዲስ አበባ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ይህን ተረት በየዓመቱ ጥር ላይ ይኖሩታል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በጾም ሠርግ የለም። ጾመ ነቢያት በገና ይፈታል፤ ዓቢይ ጾም እጅግ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት የካቲት 1 ይያዛል። የቀረው አንድ ወር ገደማ ነው፤ ሠርጉ ደግሞ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነው። አዳራሹን ከወራት በፊት የያዘ ቤተሰብ ፎቶ አንሺውን ሳምንት ሲቀረው ያስታውሰዋል። «ቅዳሜ ነው፤ መቼም አታሳፍረንም!»

ተረቱ ለባለሙያውም ይሠራል። ባትሪውን ማታ ያልሞላ፣ ሚሞሪውን ያላጸዳ፣ ትርፍ ካሜራ ያልያዘ ሰው ዕዳው ከባድ ነው። በቃል ኪዳኑ ሰዓት ባትሪ ቢያልቅበት ቄሱን «ይድገሙልኝ» ሊል አይችልም።

ተረቱ የሚያነክሰው ሠርገኛው ከሄደ በኋላ ነው።

ለወጥ ቤቱ እንግዳው በልቶ ሲነሣ ሥራው አለቀ፤ ለፎቶ አንሺው ግን ትልቁ ሥራ ያኔ ይጀምራል። በባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ የተነሣ አንድ ጥሬ (RAW) ፎቶ 25 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 2,000 ያነሣ ሰው 50 ጊጋባይት ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ያን ሁሉ ይገለብጣል፣ ዓይን የጨፈኑትን ይጥላል፣ የአዳራሹን ቢጫ መብራት ያስተካክላል። ደንበኛው ግን ሥራው ካሜራው ሲዘጋ ያበቃ ይመስለውና ሰኞ ጠዋት «አልበሙ የት ደረሰ?» ብሎ ይደውላል።

ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል። «ለአልበሙ የሚሆነውን ምረጡ» ሲባሉ ሙሽሮቹ ለወራት ይጠፋሉ። ምርጫው ስላልመጣ አልበሙ አይታተምም፤ አልበሙ ስላልታተመ ቀሪው ክፍያ አይከፈልም። ማተሚያ ቤቱ ግን ገንዘቡን በቅድሚያ ይፈልጋል። እስከዚያው ለናሙና በቴሌግራም የተላከው፣ መተግበሪያው የጨመቀው ፎቶ በየዘመዱ ስልክ ይዞርና «ጥራት የለውም» የሚል ወቀሳ ይዞ ይመለሳል። በርበሬው ተፈጭቶ ተቀምጧል፤ የጠፋው ሠርገኛው ነው።

ሲዋዋሉ ለሚሰጠው ቀብድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መልስ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የተወ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ሠርጉ ሳይደርስ ሐሳብ ለሚቀየርበት ጊዜ ጥሩ ዋስትና ነው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለሚጓተት ምርጫና ለሚንጠለጠል ክፍያ ግን ቀብድ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ በውሉ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ያስፈልጋል። አንደኛው የአልበሙ ማስረከቢያ ቀን ከሠርጉ ሳይሆን ደንበኛው ምርጫውን ካስረከበበት ቀን ይቆጠራል የሚል ነው። ሁለተኛው ቀሪው ክፍያ አልበሙ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቃል የሚል ነው። ይህን ለመጻፍ ከሁሉ የሚመቸው ሰዓት ቀብዱ እጅ በእጅ ሲቆጠር፣ ሁለቱም ወገን ገና ሲሳሳቅ ነው።