ወረተኛው ማነው?

«ደንበኛ» የምትለዋ ቃል ወደ ሁለቱም ወገን ትሄዳለች። ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ሻጭ ገዢውን «ደንበኛዬ» ይለዋል። ገዢውም ቀለበቱን የት እንዳሠራ ሲጠየቅ «ደንበኛዬ ጋ» ይላል። ማን ለማን እንደታመነ ከቃሉ አይታወቅም። ደሞ «ደንበኛ» ማለት የምር የሆነ፣ ትክክለኛ ማለትም ነው፤ ደንበኛ ጠጅ፣ ደንበኛ ሌባ እንደምንለው። አንዴ ገዝቶ የሄደ ሰው ገዢ ነው እንጂ ደንበኛ አይባልም። ደንበኛ የሚባለው ተመላላሹ ነው፣ ገንዘብ ቢጎድለው «ግዴለም፣ ነገ ታመጣለህ» የሚባለው። ተቃራኒውም ስም አለው፦ ወረተኛ። አዲስ ነገር ሲያይ የሚከንፍ፣ አዲሱ ሲደበዝዝበት ደግሞ ዞር የሚል።

ይሄን ያነሳሁት ኔትፍሊክስና መሰሎቹ እንቅልፍ ያጡበትን አንድ ጥያቄ በአማርኛ ለማሰብ ነው። ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ ራሳቸው ያሠሩት ድራማ ወርሃዊ ከፋዩን ታማኝ ያደርገዋል ወይ? በየዓመቱ ቢሊዮን ዶላሮች የሚፈሱበት የንግድ ጥያቄ ነው። ግን ታማኝነት የሚል ቃል ካስገባህበት ንግድ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ታማኝነቱን ሁልጊዜ ከተመልካቹ ብቻ መጠበቃቸው ነው።

2008 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ኔትፍሊክስ በአንድ ቀን ለ130 ተጨማሪ አገሮች በሩን ከፈተ፤ ኢትዮጵያም ከነዚያ አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት ቃና ቴሌቪዥን ጀመረ። አንዱ «የራሴ ሥራ» ይዞ መጣ፣ ሌላው የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ አልብሶ። ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ዶሮ ማነቂያ ሰው የማንን ገጸ ባህርያት ስም በቃሉ እንደያዘ መናገር አያስፈልግም። እሺ፣ ውድድሩ እኩል አልነበረም። ለቃና ዲሽ ይበቃል፤ ለኔትፍሊክስ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ከየት ታመጣዋለህ? ዳሩ ግን የቃና እውነተኛ ተፎካካሪ የኛው የአገር ቤት ድራማ ነበር፣ እሱም ነፃ ነው። ኦሪጅናል ከተባለ ከሱ በላይ ኦሪጅናል የለም፦ በቋንቋችን የተጻፈ፣ በመንገዳችን የተቀረጸ።

አርቲስቶች ተቃወሙ። ባህል ይበረዛል፣ እኛም ሥራ እናጣለን አሉ። ስጋታቸው ውሸት አልነበረም፤ የሚተወን ሰው እንጀራ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ተመልካቹን ወረተኛ፣ ባህሉን የሸጠ ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። ቃና የያዘው ሰው የቱርክ ፍቅር ስለያዘው ብቻ አይመስለኝም። ድራማው በየቀኑ ይመጣ ነበር። በሰዓቱ! «ሰው ለሰው»ን በሳምንት አንዴ ጠብቀን ያየን ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ኢቲቪ ላይ የሚሰበሰበው ድራማው ጥሩ ስለሆነ ነበር፤ ደግሞም ሌላ መሄጃ ስላልነበረ። ሁለተኛውን ምክንያት ታማኝነት ብሎ የቆጠረ ጣቢያ ዲሽ ሲገባ ደነገጠ።

«እረኛዬ»ን ደግሞ እዩት። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የጻፉት፣ በአርትስ ቲቪ የታየው። ቱርክ ለምዷል የተባለው ተመልካች ተመልሶ መጣ፣ ለዛውም ለገጠር ታሪክ! ስለዚህ ኦሪጅናል ሥራ ሰው ያመጣል፤ በዚህ አልከራከርም። የመጣው ሰው ግን የእረኛዬ ደንበኛ ነው። ቤቱ ያንን ደንበኛ የራሱ ለማድረግ ሌላ ሥራ አለበት።

እዚህ ጋ አንድ የፒያሳ ሰው ቶሞካን ሊያነሳብኝ ይችላል። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ቆሞ ሰው የሚያመላልሰው በራሱ ቡና አይደለም ወይ? ነው። ግን ቡናው አያልቅም። ዛሬ የጠጣኸው ነገም አለ፣ ያው ጣዕም፣ ያው ባንኮኒ። ድራማ ያልቃል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሳያልቅ ሲቋረጥ ነው። ኔትፍሊክስ «1899» የሚለውን ተከታታይ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ ታሪኩን አንጠልጥሎ ጨረሰው፣ በጥር 2023 ደግሞ አይቀጥልም አለ። ስምንት ክፍል ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ጊዜውን ሰጥቷል፣ ሐሳቡን ሰጥቷል። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ድራማ ሲያስተዋውቁለት «ቆይ መጀመሪያ ያልቅ እንደሆነ ልይ» ቢል ማነው የሚወቅሰው?

ቁጥሩም ቢሆን ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር አለው። በ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ኔትፍሊክስ 200 ሺህ ከፋይ አጣ፤ በቀጣዩ ሩብ 2 ሚሊዮን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። መሃል ላይ «ስትሬንጀር ቲንግስ» 4ኛው ምዕራፍ መጣና ኪሳራው ወደ 970 ሺህ ወረደ። ትልቅ ድራማ ደሙን ቀነሰው፣ አላቆመውም። ከዚያ በ2023 ወደ 30 ሚሊዮን አዲስ ከፋይ ያገኘው በዋናነት የይለፍ ቃል መዋዋስን በመከልከሉና ማስታወቂያ ያለው ርካሽ አማራጭ በማምጣቱ ነው። በ2017 በትዊተር ገጹ የይለፍ ቃል መካፈል ፍቅር ነው ያለው ያው ድርጅት! በዚያው 2023 አሜሪካኖች ከሁሉ በላይ ያዩት ደግሞ «ሱትስ»ን ነበር፣ 57.7 ቢሊዮን ደቂቃ። ለሌላ ጣቢያ የተሠራ፣ በ2019 ያለቀ ድራማ። ሰው ማታ ደክሞት ሲገባ የሚፈልገው አዲስ ነገር ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውንም ነው።

እኛም አገር ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤቱን የሚሞላው አርሰናልና ማንቼ ነው። አቦል የሚባል የአማርኛ ድራማ ቻናል በዚያው ዲኮደር ውስጥ አለ፣ ጥሩ ጥሩ ሥራም አሠርቷል። ግን ለድራማ ወንበር የሚሻማ ሰው አላየሁም። ኳሱን ዲኤስቲቪ አልፈጠረውም። ኳሱ በየሳምንቱ ስለሚመጣ፣ ከጎንህም የሚጮህ ሰው ስላለ ነው የምትሄደው። ቀጠሮ ነው።

እንግዲህ ወረተኛው ማነው? ውጭ አገር ያለ ዘመድህ አንድ ወር ይከፍልና የፈለገውን ድራማ ጨርሶ ይሰርዛል፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤት ይገባል። አራዳ ነው፤ ፋራ አይደለም ለማይነካው ወር የሚከፍለው። የገባበት ቤት ስሙን ሳያውቅ፣ ዋጋ ሲጨምር ሳይጠይቀው፣ የጀመረውን ታሪክ ሲቆርጥ ይቅርታ ሳይለው «ታማኝ ሁንልኝ» ማለት አይችልም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሰው የለመደውን ሥጋ ቤት አዲስ አድራሻ በስልክ ያፈላለገው ማንም አስሮት አይደለም። የሥጋ ቤቱ ሰው የትኛውን ብልት እንደሚወድ ያውቅለታል።

ይሄ ሁሉ ለተመልካቹ የሚያደላ ክርክር አንድ ቦታ ላይ ግን ያነክሳል። የአገራችን ድራማ ከሁሉ የበለጠ ታማኝ ተከታታይ ቴሌግራም ላይ ነው ያለው። ክፍሉ በወጣ በሰዓቱ ያወርዳል፣ ለጓደኞቹ ይልካል፣ አንድም አያመልጠውም፤ ከዚህ በፊትም በፍላሽ ያስገለብጥ ነበር። ከውጭ ድርጅት ጋር ሲሆን «በምን ካርድ ልክፈል?» ይላል፣ እውነቱን ነው። ግን ድራማው አዲስ አበባ የተሠራ ከሆነ፣ በብር የሚከፈልበት ወይም በሠሪዎቹ በራሳቸው የዩቲዩብ ገጽ ላይ በነፃ የተጫነ ከሆነስ? ያኔም ቴሌግራሙ ይቀላል። ድራማውን የሠሩት ሰዎች ለሁለተኛው ምዕራፍ ስፖንሰር ፍለጋ ሲወጡ «ስንት ተመልካች አላችሁ?» ይባላሉ። እሱ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ምዕራፉ ሳይሠራ ቢቀር ግን ከማንም በፊት ኮሜንት ላይ ገብቶ የሚናደደው እሱ ነው።