ከፍላሽ የወጣ ከበሮ

ባለፈው ጥር ደባርቅ ላይ በተደገሰ ሰርግ፣ ድንኳኑ ጥግ የተቀመጠው ባለ ኪቦርድ ፍላሹን ሰካ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነና ስልኩን መነካካት ጀመረ። ችክችካው ብቻውን ይመታል። እናቶች እስክስታ ሲወርዱ ቢዘገዩ አይጠብቃቸውም፤ ሲሞቃቸውም አይከተላቸውም። ከበሮው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ለጌጥ። ይህ ጸሐፊ ጎረምሶቹን ለምን እንደማይመቱት ቢጠይቃቸው «አባባ፣ እሱ እኮ ፍላሹ ውስጥ አለ» አሉት።

የሰሜን ልጅ እንዲህ ሲል መስማት ያማል። አበው እንደሚያስተምሩት የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ መንኖ የተሰወረው በዚሁ በሰሜን ተራሮች፣ ጸለምት ውስጥ ነው። በማኅሌቱም ከበሮ እንዲሁ አይደለቅም። ቁም ዜማው ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮው በመረግድ ይገባና በጽፋት ይፈጥናል። መቺው እስኪደርስበት ቆሞ ይሰማል ማለት ነው። (የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ለሰርግ ይውጣ ያለ የለም፤ መስማቱን ይማሩ ነው ነገሩ።)

ይኸው መስማት ነው የጠፋው። ዛሬ ሁሉም ፊት መቆም፣ ማይክ መጨበጥ፣ ቪዲዮ መልቀቅ ይፈልጋል፤ ከሌላው ኋላ ቆሞ ማጀብ እንደ ውርደት ተቆጥሯል። 

አጃቢነት የሚያሳፍረው ወጣት የሙላቱ አስታጥቄን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለዱ። ምሕንድስና እንዲማሩ ታስቦ ወደ ዌልስ ቢላኩ ሙዚቃው ሳባቸው፤ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገቡ። በበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሳቸው ነበሩ። የያዙት ቫይብራፎን የምት መሣሪያ ነው፤ የተደረደሩ የብረት ጠፍጣፋዎች ጫፉ በክር በተጠቀለለ ዱላ ይመታሉ፣ ድምፁ በእግር መርገጫ ይረዝማል፣ ይቆረጣልም። እጅና እግር አብረው ካልሰሙ ጩኸት ብቻ ነው የሚወጣው። ኒው ዮርክ ላይ ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋር ተጫውተው በ1966 ሁለት አልበም አወጡ፤ በ1972 ሌላ ጨመሩ። ኢትዮ ጃዝ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ እኚህ ሰው በ1977 ዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው»ን ሲቀዳ በእንግድነት ገብተው ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጎን ቫይብራፎን መቱ። አልበሙ የዋሊያስ ነው። ስሜ ከፊት ካልተጻፈ አልመታም አላሉም። ለሌሎች ዘፋኞችም ሙዚቃ ሲያቀናብሩ ኖረዋል፤ ዘፈኑን ሁሉ ያውቀዋል፣ ያቀናበረውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ጸሐፊ ያንን የብረት ድምፅ መጀመሪያ የሰማው በአውቶቡስ፣ በካሴት ነው። ከደባርቅ ተነስተው ሊማሊሞ ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ ሹፌሩ ቴፑን ጠቅ አድርጎ አጠፋ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ሹፌሩ «ፍሬኔን ልስማበት» አለና ዛሪማ እስኪደርሱ ድረስ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ይህ ጸሐፊ ልጅ ሳለም ከመሪጌታ አጎቱ ዘንድ ከበሮ ሊማር ሄዶ፣ ገና ሁለቴ ከመምታቱ መሪጌታው መዳፋቸውን በሰፊው ፊት ላይ አሳርፈው ድምፁን አፈኑበት። ያን ቀን እንደገና አላስመቱትም። አኩርፎ ቤቱ ገባ፣ በማግስቱ ግን ተመለሰ። መዳፋቸው ደረቅና ከባድ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የዛሬው ጎረምሳ አንዴ ቢከለከል በማግስቱ አይመለስም! ፍላሽ አለው።

«ዘመኑ የኪቦርድ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። ኪቦርድ ምን አደረገ? ኃይሉ መርጊያም ባለ ኪቦርድ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት ሂልተን ውስጥ ከባንዳቸው ጋር እስኪነጋ የተጫወቱ ናቸው። ዋሊያስ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ ሲቀር፣ እሳቸውም እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። ዳለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር፤ አድማጭ ሳይኖር፣ ለዓመታት። የድሮ ሥራቸው በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲጠራቸው ጣታቸው አልዛገም። የደባርቁ ባለ ኪቦርድ ግን ሙሽሮቹ እስኪገቡ ባለው ሁለት ሰዓት ውስጥ ስልኩን እንጂ ቁልፎቹን አልነካም።

የቅዱስ ያሬድ በዓል ግንቦት 11 ነው። ማኅሌቱ የሚቆመው ሌሊት ነው፣ ብርዱም የሰሜን ብርድ ነው። መማር የሚሻ ወጣት ጋቢውን ደርቦ ከመሪጌቶቹ ኋላ ይቁም፤ ስልኩን ቤቱ ይተው። ከበሮ ወዲያው አይሰጡትም።