በሷ ስም ሲጠሩኝ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ዘፋኝ ሸክላ ነው። ከኛ ጋር ምን አገናኘው አትበሉኝ፣ እስክጨርስ ታገሱኝ።

ቤሩት የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ የሟቹ አባወራ ሸክላዎች ተደርድረዋል። አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጅ ሲመጣ አንዱን ይከፍታል። አንድ ማታ ሴት ስትጮህ ሰምቼ ሰው የተጣላ መስሎኝ ከማዕድ ቤት ሮጬ ወጣሁ። ሳቀብኝ። ጃኒስ ጆፕሊን ናት አለኝ። ከቴክሳስ የመጣች ነጭ ናት፤ የምትዘፍነው ግን ብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ዘፈን ነው። ብሉዝ እንደኛ ትዝታ ነው የሚሉ አሉ። ለኔ አይመስለኝም። ትዝታ ቁጭ ብሎ ያለፈውን ያስባል፤ ይቺ ግን አሁን ያመማትን አሁን ነው የምትናገረው።

አልበሙ ፐርል ይባላል፣ ሉል ማለት ነው። ጓደኞቿ የሚጠሯት የቁልምጫ ስም ነበር። ፉል ቲልት ቡጊ ከሚባለው ባንዷ፣ ከአምስት ወንዶች ጋር እየቀዳች ሳለ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 1970 በዕፅ ምክንያት በ27 ዓመቷ ሞተች። ሸክላው የወጣው በጃንዋሪ 1971 ነው፣ አሥር ዘፈን አለው። አምስተኛው ላይ ባንዱ ተጫውቶ ጨርሷል፣ የቀረው የሷ ድምፅ ነበር። ሌላ ዘፋኝ አላስገቡበትም፤ እንዲሁ አወጡት። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጫወታሉ፣ የሚዘፍን የለም። ሸክላው ሲገለበጥ ደግሞ ተቃራኒው አለ፦ እሷ ብቻዋን፣ ያለ ባንድ፣ እግዜርን መርሴዲስ መኪና ስትለምን። ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት የቀዳችው ነው። መጨረሻው ላይ ስትስቅ ይሰማል።

ሰው ሲሄድ ቦታው ባዶ ይቀመጥ ወይስ ሌላ ይግባበት? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

እኔ ወደዚህ ቤት የመጣሁት በሌላ እህት ቦታ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው። ስገባ ነጠላ ጫማዋ ከበሩ ሥር ነበር። ልኬ ስለሆነ ማዳም አድርጊው አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ስሟንም ሰጠችኝ። «የሷ ይቀላል፣ ቴታም ለምደውታል» አለች። ገና መጤ ነበርኩ፣ ዕዳም ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ። ጫማው አልከበደኝም፤ ስሙ ከበደኝ። አንድ እሑድ ለጓደኛዬ ባወራት «ስም ምንድነው፣ ደሞዝሽን ይስጡሽ እንጂ» አለችኝ። እውነት አላት፤ ግን ደሞዙን የሚቀበለው ማነው?

ቴታ የምንላቸው አሮጊቷ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ሌሊት ይጣራሉ፣ የሚጣሩት እሷን ነው። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ እሷ አይደለሁም» ስላቸው «ታዲያ የት ሄደች?» ብለው እንደ አዲስ አለቀሱ። በማግስቱም እንዲሁ። ስለዚህ አቤት ማለት ጀመርኩ። አቤት ስል እየዋሸሁ ነው? ወይስ እሷን እያጠፋኋት?

ጃኒስ ራሷ የሌላ ሰው ባዶ ቦታ አሳስቧት ነበር። ቤሲ ስሚዝ የምትባለው ታላቅ ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ በ1937 በመኪና አደጋ ሞታ፣ ፊላዴልፊያ አጠገብ ያለው መቃብሯ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ ሳይቆምለት 33 ዓመት ያህል ቆየ። በ1970 ለድንጋዩ የከፈሉት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ጃኒስ። ሌላዋ ጁዋኒታ ግሪን፣ በልጅነቷ የቤሲን ቤት ትሠራ የነበረች! ይሄን ስልኬ ላይ ሳነብ ሩዙ አረረብኝ። ጃኒስ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ ባሕር ላይ ተበተነ። እሷ መቃብር የላትም።

ቤት ግን እንደ ዘፈን ባዶ አይተውም። ቴታ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መዋጥ አለባቸው፣ የሚያጥባቸው ሰው ያስፈልጋል። መግባቴ ጥፋት አይደለም። ደግሞ ከሁለት አፍ የሚወጣ አንድ ስም አንድ አይደለም፤ ማዳም የምትጠራኝ አዲስ ስም ላለመልመድ ነው፣ ቴታ የሚጣሩት ናፍቀው ነው። ስለዚህ ለማዳም ስሜን ነገርኳት። ሳምንት ሙሉ ፊቷን አጠቆረችብኝ። አሁን ትጠራኛለች፣ ስትቆጣ ብቻ ትረሳዋለች። ለቴታ ግን አቤት እላለሁ።

ባንዱ ቦታውን ክፍት የተወው ማን እንደጎደለ ስለሚያውቅ ነው። ለማያውቅ ሰው አምስተኛው ዘፈን ያው ሙዚቃ ነው። እኔም ልጁ እስኪነግረኝ ምንም አልጎደለኝም ነበር። እንዲያውም እየሰማሁ ሰሃን አጥቤበታለሁ። ባዶ መተው ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ማን እንደነበረች የሚናገር ከሌለ።

አሁን ሌሊት ሲጣሩ አቤት ብዬ አጠገባቸው እቀመጥና ስለሷ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዴ እኔን እሷ አድርገው፣ አንዳንዴ ሌላ መሆኔን አውቀው ያወሩኛል። በረንዳ ላይ ቡና ትቆላ እንደነበር፣ የላይኛው ጎረቤት በጭሱ ይጮህባት እንደነበር ነገሩኝ። ስትቆላ ምን ትዘፍን ነበር አልኳቸው። በናንተ ቋንቋ ነው፣ ቃሉን አላውቀውም አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው አንጎራጎሩ። ዜማውን እስከ ግማሽ አወቅሁት።