ሰብሳቢው ባለቤት ነው ወይስ ባለአደራ?



አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ፣ ገጹ የወየበ፣ ጠርዙ የሚፈረፈር መጽሔት በብዙ ገንዘብ ገዛ እንበል። መጽሔቱ ስለ ጡንቻ፣ ስለ ብረት ማንሳትና ስለ ትግል የሚያወራ ነው። ሰውየው ከመሰሎቹ ጋር በመደርደሪያ አስቀምጦ በሩን ይቆልፍበታል። ይህ ሰው ገንዘቡን አባከነ? ወይስ ሌሎች የጣሉትን አደራ አነሳ? ጥያቄው የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘብን፣ ዕውቀትንና ሰውነትን በአንድነት የሚነካ በመሆኑ ሁላችንንም ይመለከተናል።

በመጀመሪያ እነዚህ ጽሑፎች ምን እንደሆኑ እንወቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ሰው ጉልበቱን ከሚጠይቅ ሥራ ወጥቶ ተቀምጦ የሚውል ሆነ። ሰውነትን በልምምድ የማጎልመስ ትምህርትም ተስፋፋ። በ1867 በፕሩሲያ የተወለደው ዩጂን ሳንዶው በመድረክ ላይ ጉልበቱን እያሳየ ዝነኛ ከሆነ በኋላ፣ በ1897 ጉልበት እንዴት እንደሚገኝ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1898 ደግሞ የራሱን መጽሔት ጀመረ። በአሜሪካ በርናር ማክፋደን በ1899፣ አላን ካልቨርት በ1914፣ ቦብ ሆፍማን በ1932 የየራሳቸውን መጽሔት አወጡ። ፈረንሳዊው ኤድመን ዴቦኔም በ1911 የጉልበት ነገሥታት ያላቸውን ሰዎች ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰበ።

ታዲያ እነዚህ ጽሑፎች ዛሬ እንደ ልብ የማይገኙት ለምንድን ነው? ብዙዎቹ የታተሙት በርካሽ ወረቀት ላይ ነው። ከእንጨት የሚሠራው ርካሽ ወረቀት በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ስለሚበላው ይወይባል፣ ይሰባበራል። ወጣቶች ፎቶግራፎቹን እየቀደዱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። በፖስታ የሚላኩት የልምምድ ትምህርቶችም በየክፍሉ ስለሚመጡ አንዱ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያና በአሜሪካ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ፍጆታ ሲሰበሰብ ብዙ መጽሔት አብሮ ሄደ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የጡንቻን ነገር እንደ ዕውቀት ስላልቆጠሩት አላስቀመጡትም። እናም ከተረፈው ብዙው በግለሰቦች እጅ የቀረው ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። ከእነዚህ ገጾች ብዙዎቹ ሰውነትን ማሳየት የተሞላባቸው ናቸው። ሳንዶው ራሱ በ1901 በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ የሰውነት ቅርፅ ውድድር አዘጋጅቶ፣ ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ከዳኞቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ሐያእን ለሚያስተምር ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሥዕል በሳሎን መደርደር የሚገባ አይደለም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድን ነገር በሳሎን አለመስቀልና ከምድር ገጽ እንዲጠፋ መፍቀድ የተለያዩ ናቸው። ስህተት ያለበት ጽሑፍም ቢሆን ሰዎች ምን ያስቡ እንደነበር ይመሰክራል። ምስክርን ማጥፋት ደግሞ ፍርድን ማበላሸት ነው።

የምስክርን ነገር ካነሳን፣ የጉልበት ወሬ ከሌላው ወሬ ሁሉ ይልቅ የሚጋነን መሆኑን ልብ በሉ። መጽሔቶቹን ያሳተሙት ብዙዎቹ ብረትና የልምምድ ትምህርት ሻጮች ነበሩ፤ ወሬው ሲያድግ ገበያቸውም ያድጋል። ለምሳሌ በሕንድ ምድር ከሙስሊም የታጋዮች ቤተሰብ የተወለደውን ታላቁን ጋማ እንውሰድ። ጋማ በ1910 ለንደን ሄዶ ከፖላንዳዊው ዝቢሽኮ ጋር ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ታግሎ ያለ ውጤት ተለያየ። ለሁለተኛው ቀጠሮ ዝቢሽኮ ስላልቀረበ አሸናፊነቱ ለጋማ ተሰጠ። በ1928 በፓቲያላ ዳግም ሲገናኙ ግን ጋማ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጣለው። ይህ በጊዜው የተመዘገበ ነው። በሌላ በኩል 1,200 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ አንስቶ ተራመደ የሚል ወሬም አለ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መቀበል ይገባል? ወሬውን ከወሬ ለመለየት በጊዜው የተጻፈው ወረቀት በእጅ መኖር አለበት።

እኛ ደግሞ ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን። በመድረሳ ያደገ ሰው አንድ ነገር ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ብሎ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ነው። የትግል ወሬ ከዲን ዕውቀት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ነገር ግን እውነትን የመፈለግ ልማድ በትንሹም በትልቁም አንድ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት አባቶቻችንም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ መሰብሰብ በራሱ ጥፋት አይደለም ካልን፣ ጥፋት የሚሆነው መቼ ነው? በእኔ አስተያየት ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛው፣ የሚስትና የልጆች ሐቅ ሲነካ ነው። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፈል ብርቅ መጽሔት የገዛ ሰው፣ ወረቀቱን አድኖ አደራውን ጥሏል። ሁለተኛው፣ ሌላው ሰው እንዳያገኘው ብሎ ሲደብቅ ነው። ሁለት ቅጂ እያለው አንዱን ለጠየቀው የሚከለክል ሰው የዕውቀት ጠባቂ ሳይሆን የዕውቀት ዘበኛ ነው፤ ቁልፉን ይዟል፣ ቤቱን ግን አይኖርበትም። ሦስተኛው፣ የሰበሰበውን አንብቦ በራሱ ላይ ሳይሠራበት ሲቀር ነው። ስለ ጤናና ስለ ብርታት አንድ ሺህ መጽሔት ያከማቸ፣ ግን ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው፣ መጻሕፍት ከተሸከመች አህያ በምን ይሻላል? ሰውነታችንም አደራ ነው፤ ከመደርደሪያው በፊት የምንጠየቀው ስለ እሱ ነው።

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ኦትሊ ኩልተር የሚባል አሜሪካዊ በ1890 ተወልዶ በ1976 የሞተ የሰርከስ ጉልበተኛ ነበር። ሰውየው በረዥም ዕድሜው መጻሕፍትን፣ መጽሔቶችን፣ የጋዜጣ ቁራጮችን፣ ፎቶግራፎችን ሲሰበስብ ኖረ። ሰብስቦ ግን ዝም አላለም። እንደ ጆርጅ ጆዌት ካሉ የሙያ ጓደኞቹ ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፈ የትኛው ጉልበተኛ በእርግጥ ምን እንዳነሳ ይመረምር ነበር። በኋላ ስብስቡ ቴሪ እና ጃን ቶድ ወደሚባሉ ባልና ሚስት ተላለፈ። እነሱም ራሳቸው ክብደት አንሺዎች ነበሩ። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ጨምረው በኦስቲን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት አደረጉት። ዛሬ ስታርክ ማዕከል በሚባለው በዚህ ስፍራ፣ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የናቁትን ወረቀት ተማሪዎች ቁጭ ብለው ያነቡታል። ቴሪ ቶድ በ2018 ሞተ፤ ወረቀቱ ግን አልተበተነም።

ልብ በሉ! ኩልተር ሲሞት ወራሾች መደርደሪያውን በኪሎ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ቀን ይጠፋ ነበር። በእኛም አገር አሮጌ ወረቀት የት እንደሚደርስ እናውቃለን፤ የሱቅ መጠቅለያ ይሆናል። ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ስንፈታ የማን አባት መጽሐፍ እንደነበር ማን ያውቃል? ስለዚህ የሚሰበስብ ሰው በሕይወት እያለ ሁለት ነገር ያድርግ። ያለውን ነገር መዝግቦ ለቤተሰቡ ዋጋውን ያስረዳ። ከእሱ በኋላ ለማን እንደሚሰጥም ይናዘዝ። ይህን ያላደረገ ሰው ሰበሰበ ሳይሆን መበተኑን አዘገየ ቢባል ይሻላል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰብሳቢው ባለቤት ነው ወይስ ባለአደራ? ወረቀቱን በገንዘቡ ስለገዛው በሕግ ባለቤት ነው። በውስጡ ያለው ዕውቀት ግን ከእሱ በፊት የነበረ፣ ከእሱ በኋላም የሚኖር ነው። ለእሱ የደረሰው ሌላ ሰው ስላላቃጠለው ነው። ከእሱ የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ የተቀበለውን ሳያጎድል ማስተላለፍ። ጉልበትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ታላቁ ጋማም፣ ሳንዶውም፣ ኩልተርም ያን ሁሉ ክንድ መቃብር አላስገቡትም፤ መሬት ተቀበለው። የቀረው ለሰው ያስተላለፉት ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በእጃችን ያለውን ነገር ሁሉ አደራ መሆኑን ከሚያውቁት ያድርገን። ሰውነታችንን ለመልካም ሥራ ያበርታልን፤ ዕውቀታችንንም ለሚጠቅመው ሰው የምናደርስ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።