በሰው አንገት ላይ ስለሚያርፍ እጅ

ጉዳት ያልደረሰበት ሥራ ጥፋት ሊባል ይቻላልን? ይህን የጠየቀኝ ከቅኔ ተማሪዎቼ አንዱ ነው፤ የጠየቀኝም ለክርክር ያህል ሳይሆን ከቁጣዬ ለማምለጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

በየካ አባዶ፥ እኛ ከምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር፥ አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ። ፀጉር ቆርጦ ካበቃ በኋላ የደንበኛውን አገጭ በአንድ እጁ፥ ማጅራቱን በሌላው እጁ ይይዝና ድንገት ወደ ቀኝ፥ ቀጥሎም ወደ ግራ ይጠመዝዘዋል፤ አንገቱም ቋ ይላል። ስለዚህ ሥራው ዋጋ አይቀበልም፤ እንደ ገበያ ሰው «ምርቃት ነው» ይላል። ተማሪዬ ሦስት ቀን ያህል አንገቱ ደርቆ አልዞር ብሎት ነበርና ወደዚያ ሄደ፤ ተጠመዘዘ፤ ቀለለውም። በዚያው ሌሊት ግን ራሱን አዞረው፤ የተኛበት ቤት እንደ ወፍጮ የሚዞር መሰለው፤ በማግሥቱ እስከ ቀትር ድረስ ግድግዳ ይዞ ሲሄድ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ ተወው። ሰምቼ ስቆጣ፥ «የኔታ፥ ምን ሆንሁ? ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ። ጉዳት ካልደረሰ ጥፋቱ ወዴት አለ?» አለኝ።

በዚያ ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም፤ ተቆጣሁ እንጂ። ቁጣ ደግሞ መልስ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልመርምረው።

ከዚህ ቀደም እኔም በዚሁ ሕመም ተይዤ ነበር። ዕድሜውን በአትሮንስ ላይ አቀርቅሮ የኖረ ሰው አንገቱ ቢታመም አያስደንቅም፤ ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፥ ጐንበስ ብለው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰውም የእኔን ሕመም ሕመም ብሎ ባልቆጠረው ነበር። እንግዲህ በሰፈራችን ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ሄድሁ። ወጌሻ የሚለው ስም በኦሮምኛ ብልኀተኛ፥ ዐዋቂ ማለት ከሆነው ከኦጌሳ ጋር የተዛመደ ነው፤ ስሙም ክቡር ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ በኳስ ሜዳ ላይ የወደቀውን ተጫዋች ሮጦ የሚያነሣው ሰው፥ በትምህርት ቤት የሠለጠነ እንኳ ቢሆን፥ ወጌሻ ይባላል። ሽማግሌው ትከሻዬን በቅቤ አሹልኝ፤ የሞቀ ጨርቅ አደረጉልኝ፤ አንገቴን ግን አልነኩም። «አባቴ፥ ቢያቃኑልኝ ምን አለ?» ብላቸው፥ «መሪጌታ፥ ሰው አንድ እጁ ቢበላሽ በሁለተኛው ይኖራል፤ አንገት ግን ሁለተኛ የለውም። ይህን ሙያ ያስተማረኝ አባቴ፥ እጅና እግር ያዝ፥ ከትከሻ በላይ አትውጣ ብሎኛል። ካልለቀቀዎ ለሐኪም ይታዩ» አሉኝ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን እጃቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ያውቃሉ፤ ይህን ማወቅ ከብዙ መጻሕፍት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ሽማግሌው በልምድ የጠበቁት ድንበር በሐኪሞችም ዘንድ ምክንያት አለው። በግዕዝ ክሳድ የምንለው አንገት 7 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህም በ6ቱ ላይኞቹ አጥንቶች ግራና ቀኝ ቀዳዳ አለ፤ በዚያም ቀዳዳ ውስጥ ሁለት የደም ሥሮች፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፥ ወደ ራስ ይወጣሉ። ከመጨረሻው አጥንት በላይ ሲደርሱ እንደ ወንዝ ይታጠፉና ወደ ራስ ቅል ይገባሉ፤ ደማቸውም የሚያጠጣው የአንጎልን የኋላ ክፍል ነው፤ ይኸውም ሚዛን ጠብቆ መቆም፥ ማየት፥ መዋጥ፥ መናገር የተመሠረተበት ክፍል ነው። አንገት በድንገትና በኀይል ሲጠመዘዝ እነዚህ የደም ሥሮች በመታጠፊያቸው ላይ ሊለጠጡ ይችላሉ፤ የውስጠኛው ግድግዳቸው ከተቀደደም ደሙ በቅዱ ገብቶ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወይ መንገዱን ይዘጋል፥ ወይ ተነሥቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። በዚህም ዘመን ስትሮክ የሚባለው ሕመም ይሆናል። ይህ ሁሉ በዚያው ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከወንበሩ ተነሥቶ እየሳቀ የወጣ ሰው ደኅንነቱ አልተመሰከረለትም።

ቋ የሚለውም ድምፅ ሰውን ያታልላል። ብዙ ሰው ድምፁን ሲሰማ የተዛነፈ አጥንት ወደ ቦታው የተመለሰ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በመገጣጠሚያ ውስጥ ቅባት የሚመስል ውኃ አለ፤ ሁለቱ አጥንቶች ድንገት ሲላቀቁ በዚያ ውኃ ውስጥ የአየር ጕድጓድ ይፈጠራል፤ ድምፁም ከዚያ የሚመጣ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 በካናዳ አገር በአልበርታ ያሉ ሊቃውንት ጣት ሲንቋቋ በኤም አር አይ መሣሪያ እያዩ ይህንኑ ዐይተዋል። ድምፁ እንግዲህ የመዳን ምስክር አይደለም። የእኛ ሰው ግን ድምፅ ይወዳል፤ በቅኔ ማኅሌትም ቢሆን ምሥጢሩ የጐደለውን ቅኔ ዜማው ስላማረ ብቻ «ይበል!» የሚል አይጠፋም።

በውጭ አገር ይህ ሥራ ትምህርት ቤትና ማዕርግ ያለው ሙያ ሆኖ ኪሮፕራክቲክ ይባላል፤ በጽርእ ቋንቋ በእጅ የሚሠራ ማለት ነው። የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1888 ዓ.ም.፥ በመስከረም ወር፥ በአሜሪካ አገር በዳቨንፖርት ከተማ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው የአንድ ደንቆሮ የጽዳት ሠራተኛ አከርካሪ ገፍቶ ጆሮውን አዳንሁ አለ፤ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው ሥር በአከርካሪ በኩል ባያልፍም ሙያው ከዚያ ተስፋፋ። ስሙንም ያወጣለት ሳሙኤል ዊድ የሚባል ሰባኪ ነው፤ የካህናት ነገር በዚህም እንዳልታጣ ልብ ይሏል። የዛሬዎቹ የዚህ ሙያ ሰዎች ግን ብዙ ዓመት ተምረው፥ በሽተኛውን ጠይቀውና መርምረው የሚሠሩ ናቸው፤ ከጎረቤቴ ፀጉር አስተካካይ ጋር አንድ አድርጌ ብቈጥራቸው እበድላቸዋለሁ።

ስለ አደጋውም በእውነት ለመናገር አጋንኜ ማስፈራራት አይገባኝም። በካናዳ በኦንታሪዮ 818 የአንጎል የኋላ ክፍል ስትሮክ የያዛቸው ሰዎች ታሪክ ተመርምሮ በ2008 ታትሟል። ከእነርሱ መካከል አስቀድመው ወደ ኪሮፕራክቲክ ሄደው የነበሩ ተገኙ፤ ነገር ግን ወደ ተራ ሐኪም የሄዱትም እንዲሁ ተገኙ። ጸሐፊዎቹ የሰጡት ትርጓሜ የደም ሥሩ አስቀድሞ በራሱ ተቀድዶ፥ ያ ቅድ ያመጣው የአንገትና የራስ ሕመም ሰውየውን ወደ አካሚ ወስዶት ይሆናል የሚል ነው። አደጋው በቍጥር ጥቂት ነው፤ መጠምዘዙ እንደሚያመጣው ገና ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም። ቢሆንም የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ባወጣው ቃል፥ አካሚዎች አንገት ከማዞራቸው በፊት የደም ሥር ቅድ እንዳይኖር ይጠርጥሩ፥ ለበሽተኛውም ይንገሩት ብሏል። እኔ ከዚህ ትርጓሜ የማገኘው ማጽናኛ የለም። ሕመሙ ራሱ የቅዱ ምልክት ሊሆን ከቻለ፥ ያን አንገት ሳይጠይቁ መጠምዘዝ የተሰነጠቀ ገንቦ ደኅና መሆኑን ለማወቅ እንደ መወርወር ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። በኦሪት ሁለት ሕጎች አሉ፤ ጎን ለጎን ሲነበቡ ጥያቄውን ይፈቱታል። አንደኛው በዘዳግም የተጻፈው ነው፤ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር ገብቶ ሳለ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፥ ያ ሰው ከ6ቱ የመማጸኛ ከተሞች ወደ አንዱ ሸሽቶ ይድናል፤ አላወቀምና። ሁለተኛው በዘፀአት የተጻፈው የተዋጊው በሬ ሕግ ነው። በሬው ድንገት ሰው ቢወጋ በሬው ይሞታል እንጂ ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ ከቀድሞ ጀምሮ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል ግን ባለቤቱም በደለኛ ነው። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተነግሮታል።

ስለዚህ ጥፋት የሚለካው ከድርጊቱ በኋላ በተገኘው ውጤት ሳይሆን ከድርጊቱ በፊት በነበረው ዕውቀት ነው። ተነግሮት በሬውን ለቅቆ ያሳደረ ሰው፥ በዚያች ሌሊት በሬው ማንንም ሳይወጋ ቢያድር፥ ጎረቤቱ ዳነ እንጂ እርሱ ጻድቅ አልሆነም። በሕጉ ቅጣት ባይደርስበትም በሕሊና ፊት ያው ነው። ለተማሪዬም የምለው ይህን ነው፤ አንተ ደኅና መሆንህ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ የዚያን ሰው እጅ ግን አያጸድቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ፀጉር አስተካካዩ የደም ሥር ታሪክ ከየት ሰምቶ? እርሱ ብረቱ የወለቀበት ሰው ነው» ሊለኝ ይችላል። ይህ ጠንካራ ነገር ነው፤ ጥቂት ቀን አስጨንቆኛል። ያልሰማ ሰው በርግጥ እንደ እንጨት ቆራጩ ነው። ነገር ግን እንጨት ቆራጩ ባልንጀራውን ሊመታ አልተነሣም፤ እንጨት ሊመታ ነበር እንጂ። ይህኛው ግን እጁን የሚያነሣው በሰው አንገት ላይ ነው። የማያውቁትን ነገር በሚያጠፋ ኀይል መንካት ራሱ፥ «ለመሆኑ ይህን ዐውቃለሁን?» ብሎ የመጠየቅ ዕዳ አለበት። ዔሊ በ98 ዓመቱ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ እንደ ሞተ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ክርስቲያን የለም፤ አንገት ተሰባሪ መሆኑን ለማወቅ የሐኪም ቤት ትምህርት አያሻም። ሽማግሌው ወጌሻ ማን ነገራቸው?

ወጌሻን ሁሉ ግን እንደ እኒህ ሽማግሌ አድርጌ አላመሰግንም። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ አጥብቀው አስረው፥ ደም ከልክለው፥ ሥጋው ጠቁሮ ሞቶ የልጅ እጅ እንዲቈረጥ ያደረጉ ብዙዎች ናቸው፤ ሐኪሞቻችንም ይህን በየጊዜው ያያሉ። አንዳንዱ ሐኪም ታዲያ ወጌሻን መስደብ ይወዳል፤ ድኻው ስለ ምን ወደ ወጌሻ እንደሚሄድ ግን አይጠይቅም። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ደግሞም በሽተኛውን ዐይን ዐይኑን እያየ፥ «አይዞህ» እያለ በእጁ ይይዘዋል። በጉራጌ ምድር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ግን የሠራው ከስድብ የተሻለ ነው። የአካባቢውን ወጌሾች ጠርቶ ማሰሪያ ሲጠብቅ ምን እንደሚያመጣ አስተማራቸው፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቈረጠው እጅና እግር እንደ ቀነሰ በ2005 ተጽፎ ወጥቷል። የተነገረው ሰው በሬውን አሰረ ማለት ነው።

ይህን ምሳሌ ስጽፍ እጄ ቆመ። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ያህል በዚያ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ተቀምጬ ራሴን ስቆረጥ ኖሬአለሁ። የእኔን አንገት ጥምጣሜን አክብሮ አይነካውም፤ የሌሎቹን ግን ሲጠመዝዝ በመስተዋቱ ውስጥ አይ ነበር። የወጌሻውን ቃል ከሰማሁና የልጄን ሐኪም ጠይቄ ስለ ደም ሥሩ ከተረዳሁ በኋላም ሁለት ጊዜ ሄጄ ተቆርጬ ተመልሻለሁ፤ አንድ ቃል አልተናገርሁም። በነቢዩ በሕዝቅኤል መጽሐፍ ሰይፍ ሲመጣ ዐይቶ ቀንደ መለከት ያልነፋ ጉበኛ የሟቹ ደም ከእጁ ይፈለጋል። ተማሪዬን የተቆጣሁት እንግዲህ ማንን ልቆጣ ፈርቼ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ሄድሁ። ከወረቀት ላይ ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር፤ ይኸውም አንገቱን የታመመ ሰው ከዚህ በፊት ዐይቶት የማያውቅ ብርቱ የራስ ምታት ወይም የማጅራት ሕመም ድንገት ቢነሣበት፥ ራሱን ቢያዞረው፥ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታየው፥ ምላሱ ቢተሳሰር፥ መዋጥ ቢያቅተው፥ ፊቱ ወይም ጎኑ ቢደነዝዝ፥ ሲራመድ ቢንገዳገድ፥ ማንም ሳይነካው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ነው። ሰውየው ማበጠሪያውን አስቀምጦ በጥሞና ሰማኝ፤ ይቆጣል ብዬ ነበር፥ አልተቆጣም። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ለራሱ፥ ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያም፥ «መሪጌታ፥ ይህን ካወቁ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለኝ።

«ከፍልሰታ ጾም ወዲህ» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ወረቀቱን በመስተዋቱ ጥግ ሰካው፤ ነጠላ የመሰለውን ነጭ ጨርቅ በአንገቴ ዙሪያ አሰረና መቁረጥ ጀመረ።