ሰበብና ገመዱ

እናቴ ከቁልቢ ገብርኤል በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ደወለችልኝ። ቀኑ ሐምሌ 21 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 28 ቀን 2015 ነበር። እሷ ድሬዳዋ ምሳዋን በልታ ቡና ላይ ናት። እኔ ዴንቨር ገና ሳይነጋ ሞተር ሳይክሌ ላይ ሻንጣ እያሰርኩ ነው። ወዴት እንደምሄድ ነገርኳት፦ ሎስ አንጀለስ፣ ብቻዬን፣ በሞተር፣ ራሽ የሚባል ባንድ ለማየት።

«ለዘፈን?»

«ለዘፈን።»

«አውሮፕላን የለም እንዴ እዚያ አገር?»

«አለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።»

ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው ዘፈኑ ሰበብ ነው በለኛ» አለች። መርቃኝ ስልኩን ዘጋች። ሄልሜቴን ሳጠልቅ ቃሏም አብሮኝ ገባ። ሞተሬ ላይ ሬዲዮ የለም፣ ከጎኔ የሚያወራኝ ሰው የለም፤ እንዲህ ባለ ጉዞ አንዴ ሄልሜት ውስጥ የገባ ሐሳብ መውጫ የለውም። አራት ቀን ሙሉ ስለ ሰበብ እያሰብኩ ነዳሁ።

ሰበብ በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። «ሰበብ አታብዛ» እንላለን፤ ሰበበኛ ማለት ስድብ ነው። ዘመድ ጥየቃ ብሎ መጥቶ ሲወጣ በር ላይ ብድር የሚጠይቅ ሰው፣ ጥየቃው ሰበብ ነበር፣ ምክንያቱ ብሩ ነው። እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው፦ መንገድ አምሮሃል፣ ባንዱን ሽፋን አደረግከው። ግን ያንኑ ቃል በሌላ ፊቱም እንጠቀምበታለን። ሁለት ሰዎች የሰው ሠርግ ላይ ተዋውቀው ቢጋቡ ያ ሠርግ ሰበብ ሆናቸው ይባላል፤ ሠርጉ ውሸት ነበር የሚል ግን የለም። ከሕመሙ የተነሣ ሰው «ለመዳኔ ሰበብ የሆነኝ እሱ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ያመሰግናል። እዚህ ላይ ሰበብ መደበቂያ አይደለም፣ በር ነው።

ቃሉን ከዓረብኛ ጋር እንጋራዋለን። እዚያ ጥንታዊ ፍቺው ገመድ ነው፤ ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳበት ገመድ። ወደ ሌላ ነገር የሚያደርስ ሁሉ ሰበብ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳስታውስ ግሌንዉድ ካንየን ውስጥ ከኮሎራዶ ወንዝ ጎን ጎን እየነዳሁ ነበር፤ ብቻዬን ሳቅኩ። የጠማው ሰው ገመድ አይጠጣም። ነገር ግን ገመዱን አታላይ ብሎ አይሰድበውም፣ ያለሱም አይጠጣም።

ባንዱን ለማቃለል አይደለም። ራሽ የቶሮንቶ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ጌዲ ሊ ቤዝ ይጫወት፣ ይዘፍን፣ ኪቦርድም ይነካ ነበር፤ አሌክስ ላይፍሰን ጊታር፤ ኒል ፐርት ደግሞ ድራም፣ ከግጥሞቹም አብዛኞቹ የእሱ ናቸው። አሜሪካ ስገባ ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሌሊት በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ከኔ በፊት ተረኛ የነበረ ሽማግሌ አንድ ሲዲ ትቶልኝ ሄደ። በመጀመሪያው ሌሊት ጫጫታ ነው ብዬ ዘጋሁት። በሁለተኛው ሌሊት የምቱን ቁጥር ለመያዝ ሞከርኩ፤ ስድስት ነው ስል ሰባት ይሆንብኛል። ችክችካ ለለመደ እግር ሰባት ላይ ማረፍ አንድ ደረጃ እንደጎደለው መሰላል ነው፤ ትወድቃለህ። ወደቅኩ፤ ይኸው እስካሁን አልተነሣሁም።

ሞተረኞች አንድ የሚወዱት አባባል አላቸው፤ ቁም ነገሩ መንገዱ ነው፣ መድረሻው አይደለም ይላሉ። ቲሸርት ላይ ሳይቀር ታትሞ ይሸጣል። እኔም ራሴን ስነቀንቅ ኖሬያለሁ። አሁን ግን የሰነፍ ፍልስፍና ይመስለኛል። መድረሻው ምንም ካልሆነ ማንኛውም ቅዳሜ ለመውጣት ይበቃ ነበር። ሞተሯን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ «አንድ ቀን ዩታን አቋርጣለሁ» ማለት ከጀመርኩም እንደዚያው። በሦስት ዓመት ውስጥ የሄድኩት ትልቁ ጉዞ ቦልደር ደርሶ መልስ ነው። ቦልደር ማለት ከዴንቨር ሰው ለምሳ የሚሄድባት ከተማ ናት። ፍላጎት አልጎደለኝም፣ ገንዘብም ቢሆን እንደምንም ይገኝ ነበር። የጎደለኝ ሌላ ሰው የቆረጠው ቀን ነው።

ትኬቱ ያንን ሰጠኝ፦ ቅዳሜ ኦገስት 1፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው ፎረም የሚባለው አዳራሽ። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም። ባንዱ እኔን አያውቀኝም፣ ጎማዬ ቢፈነዳ አንድ ደቂቃ አይጠብቀኝም። ለራሴ የገባሁት ቃል ያልጎተተኝን ይህ ግድ የለሽነት ጎተተኝ። ገመድ የሚስበው ሌላው ጫፉ ከአንተ ውጭ በሆነ ነገር ላይ ሲታሰር ነው፤ ሁለቱንም ጫፍ በራስህ እጅ ይዘህ ብትስብ ትደክም እንደሆነ እንጂ ንቅንቅ አትልም።

በካናዳ ያስተምር የነበረ በርናርድ ሱትስ የተባለ ፈላስፋ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ ምን እንደሆነ መርምሯል። መልሱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጨዋታ ማለት አላስፈላጊ መሰናክልን ወድዶ ለመሻገር መጣር ነው። የጎልፍ ዓላማ ኳሷን ጉድጓድ ውስጥ መክተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተጫዋቹ በእጁ ይዟት ሄዶ ይከታት ነበር። እሱ ግን ቀላሉን መንገድ እያየ ይተወውና በረጅም ዱላ ይመታታል። የእናቴን የአውሮፕላን ጥያቄ የሚመልስልኝ ይህ ሰው ነው። ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ በሁለት ጎማ መሄድ በእጅ የሚከተተውን ኳስ በዱላ እንደ መምታት ነው። ሱትስ ላይ የምጨምረው ቢኖር ይህን ነው፤ ተጫዋቹ ኳሷ እንድትገባ ከልቡ ካልፈለገ ጨዋታው ይሞታል። «መግባቷ ምንም አይደለም» እያለ ከሚጫወት ሰው ጋር መጫወት ያስጠላል። ሰበብም እንዲሁ ነው፤ የሚሠራው በጉዞው ላይ ሳለህ ሰበብ መሆኑን ስትረሳው ብቻ ነው።

እንዴት እንደሚረሳ ልንገራችሁ። በጠዋቱ አይዘንሃወር የሚባለውን ዋሻ ሳልፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ነበርኩ፤ በሐምሌ፣ ጓንት አድርጌ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው። በማግሥቱ ግሪን ሪቨር የምትባለው የዩታ ከተማ ላይ ሰልባትዮዬን እስከ አፉ ሞላሁ፤ ከዚያ እስከ ሳላይና ድረስ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ማደያ የለም። ሱቅ የለም፣ ቤትም የለም። አለቱ መጀመሪያ እንደ ማዕበል ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ቀይ፣ ነጭ፣ አመድማ እየሆነ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ድምፁን ትንሽ የለወጠ በመሰለኝ ቁጥር ልቤ ይመታል። ካቴናው ላልቶ ይሆን? በመኪና ውስጥ ብሆን መስኮት ዘግቼ እንቅልፍ በተጫጫነኝ ነበር። ሞተር ላይ ግን የነፋሱ አቅጣጫ፣ የአስፋልቱ ጠጠር፣ የከባድ መኪና ጥላ ሁሉ ጉዳይህ ነው። የማስታውሰው አንድ ነገር አለ፤ በዚያ ሁሉ መሐል አሥር ጊዜ ያሰብኩት «ኮንሰርቱ ሳይደርስብኝ» የሚለውን ነው። በረሃውን በዚያ ዓይን ስላየሁት ነው የታየኝ።

በአራተኛው ቀን ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ከሰውነት ሙቀት የባሰ አየር ገጠመኝ። ያኔ ነፋስ አያበርድም፣ ያቃጥላል፤ ጃኬት መክፈት ስህተት ነው። ማደያ ላይ ሸሚዜን ውኃ ነክሬ፣ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነዳሁ። በየመንገዱ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሞተረኛ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ቢኤምደብሊው ጂ.ኤስ የያዘውን ሁሉ ግን ዞሬ አየው ነበር። ምክንያት ነበረኝ።

ኒል ፐርት ራሱ ሞተረኛ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኮንሰርት ጉዞ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ በቢኤምደብሊው ሞተር ይሄድ ነበር። የመጨረሻው ምት እንዳበቃ ከመድረክ በቀጥታ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል፤ አውቶቡሱ ሞተሮቹን በተሳቢ ጭኖ ሌሊቱን ይጓዛል፤ ሲነጋ ሞተሩን አውርዶ በጠባቦቹ የገጠር መንገዶች ወደሚቀጥለው ትርኢት ይነዳል። ስለዚህ ኑሮው ሮድሾው የሚል መጽሐፍ በ2006 አሳትሟል። ነገሩን አስቡት። እኔ እሱን ለማየት በረሃ አቋርጣለሁ፤ እሱ በረሃ ለማየት ከእኔ ያመልጣል። የእኔ ውኃ የእሱ ገመድ ነው። ያለ ኮንሰርቱ ቀጠሮ እሱም እነዚያን መንገዶች ሁሉ ባላያቸው ነበር።

ግን ያለ ገመድም ነድቷል። በ1997 የ19 ዓመት ልጁ በመኪና አደጋ ሞተች፤ ከአሥር ወር በኋላ ሚስቱ በካንሰር ተከተለቻት። በኦገስት 1998 ከኩቤክ ቤቱ ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። 14 ወር፣ ወደ 88,000 ኪሎ ሜትር፤ አላስካ፣ ሜክሲኮ፣ ቤሊዝ። የሚጠብቀው ባንድ የለም፤ ጡረታ እንደወጣ ቁጠሩኝ ብሏቸው ነበር። በኋላ ጎስት ራይደር ብሎ በጻፈው መጽሐፍ ነፍሱን ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር ያመሳስላታል፤ ሕፃኑ መኪና ውስጥ አስገብተው ሲያዞሩት ጸጥ እንደሚል፣ እሷም የምትረጋው እንቅስቃሴ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። መንገዱ ብቻውን በቃኝ ያለ ሰው ከፈለግን ይኸው፤ ቲሸርቱ ላይ የሚታተመውን ቃል በእውነት የኖረው እሱ ነው። ሊቀናበት የሚችል ካለ ልጅ አላጣም ማለት ነው።

ፎረም ውስጥ የነበረውን ሌሊት በዝርዝር አልተርክም፤ ሙዚቃ ሲተረክ ይቀዘቅዛል። ባንዱ 40 ዓመቱን ወደ ኋላ ተጫወተ፤ በ2012 አልበሙ ጀምሮ ወደ 1974 ወረደ። ዘፈኖቹ ወደ ልጅነት በተመለሱ ቁጥር ሠራተኞች እየገቡ የመድረኩን ዕቃ ያነሣሉ፤ መጨረሻ ላይ ወንበር ላይ የተቀመጡ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ብቻ ቀሩ፤ መድረኩ የትምህርት ቤት አዳራሽ መሰለ። ሲያበቃ ፐርት ከድራሙ ጀርባ ወጥቶ ወደ ፊት መጣና ሁለቱን ጓደኞቹን አቀፈ። ሁልጊዜ ከድራሙ ጀርባ እንዳለ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ነበር። አጠገቤ የቆመ ጢማም ግዙፍ ሰውዬ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። የመጨረሻው መሆኑን ማንም ከመድረክ አልነገረንም፤ ግን ገባን። ያን ሰዓት የእናቴ ቃል ከሄልሜቴ ጋር ወንበር ሥር ነበር።

መልሱ ላይ ያየሁት ነገር ግን እስካሁን ያስገርመኛል። ያው መንገድ፣ ያው ሞተር፣ ያው አለት፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ዴንቨር ገባሁ። ያቺን 170 ኪሎ ሜትር ሰዓት እያየሁ ነው የጨረስኳት። በደረቅ ኬክና በቡና የምትታለፍ ርቀት ሆነች። እርግጥ ማክሰኞ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ይህም ሌላ ሰው የቆረጠው ቀን ነው፣ ከውጭ የታሰረ ገመድ ነው። ታዲያ ለምን አልሳበኝም? ሳበኝስ፣ በደንብ ሳበኝ፤ ነገር ግን ጎትቶ አሳለፈኝ እንጂ ምንም አላሳየኝም። የማይወዱት ገመድ ከብት እንደሚነዳበት ነው። ሰበብ የሚሆነው ግን ከውጭ የታሰረ ብቻ ሳይሆን የተወደደም ጭምር ሲሆን ነው። ስለዚህ ራሽ በሌላ ባንድ ወይም በኳስ ጨዋታ ይተካ ቢባል አይሆንም። ሌላው ሰው በራሱ ባንድ ይተካው።

ፐርት ከዚያ ሌሊት በኋላ ከራሽ ጋር መድረክ ላይ አልወጣም። በጃንዋሪ 7 ቀን 2020 ሞተ።

ያኔ ከጉዞው ተመልሼ ቤት ስገባ ለእናቴ ደወልኩላት። ደኅና መግባቴን ሰምታ እልል አለች፤ ወዲያው ወደ ክርክሯ ተመለሰች።

«ስንት ሰዓት ዘፈኑ?»

«ወደ ሦስት ሰዓት።»

«ለሦስት ሰዓት አራት ቀን!»

«አንቺስ? ቁልቢ ዳገቱን በእግርሽ አልወጣሽም? መኪናው እላይ ድረስ ይወጣ የለም እንዴ?»

«እሱ ስለት ነው።»

«ታቦቱ ሲወጣ አየሽ?»

ሳቀች። ሕዝቡ ጋርዷት አላየችም። ዣንጥላውን በሩቁ አይታለች፤ እሱንም ጎረቤቷ ናት ያሳየቻት። ለታኅሣሥ 19 ግን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሚኒባስ ተኮናትረዋል፤ ቀብዱን ከፍላለች።